ጎብኚ የሚቆጠረው በወደብና በበር ነው

በስልክ የተነሳ ፎቶ የት ቦታ እንደተነሳ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። ፎቶው በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለጠፍም የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩ፣ ካልሆነም ለጣፊው የመረጠው የቦታ ስም አብሮት ሊወጣ ይችላል። እነዚህን ምልክቶች በሺዎች ሰብስቦ በካርታ ላይ በነጥብ በማስፈር ጎብኚ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቆይና በየትኛው ወቅት እንደሚበዛ ማወቅ ይቻላል የሚለው አመለካከት ዛሬ በቱሪዝም ተመራማሪዎችና በከተማ ፕላን ባለሙያዎች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። አመለካከቱ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ሲሠራበት ግን ስሕተት ነው። በዚህ ከተማና በዚህ ሐይቅ ላይ አብዛኛው ጎብኚ ምንም ምልክት ሳይተው መጥቶ ይመለሳል፤ ምልክት የሚተወው ጥቂቱም ብዙኃኑን አይወክልም።

የአመለካከቱ ደጋፊዎች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። መጠይቅ አዘጋጅቶና ጠያቂ አሰማርቶ ጎብኚን ማነጋገር ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል። የተጠየቀው ሰውም ትናንት የዋለበትን ሁሉ በትክክል ላያስታውስ ይችላል፤ የለጠፈው ፎቶ ግን ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ፍሊከር በተባለው የፎቶ መጋሪያ ድረ ገጽ በወጡ ፎቶዎችና በሞባይል አውታር መረጃ የሮምን ጎብኚዎች እንቅስቃሴ መከታተል እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤሪክ ፊሸር የተባለ አሜሪካዊ የዓለምን ታላላቅ ከተሞች ፎቶዎች በቀለም ለይቶ የነዋሪውን በሰማያዊ፣ የእንግዳውን በቀይ በካርታ ላይ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በ31 አገሮች የሚገኙ 836 የመስሕብ ቦታዎችን የመረመረ ጥናት የፍሊከር ፎቶዎች ብዛት በየቦታው ከተደረገው የጎብኚ ቆጠራ ጋር እንደሚዛመድ ገለጸ። ከዚህ ተነሥተው ደጋፊዎቹ እንዲህ ይላሉ፦ ቆጠራው በተበታተነበት፣ በጀቱም ባነሰበት አገር በነጻ የተገኘ መረጃ ከባዶ እጅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚለጥፈው ማን እንደሆነ አለመጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጡ ዓለም አቀፍ ግምቶች የኢትዮጵያን የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ ከሕዝቡ ከመቶ ስድስት በታች፣ የኢንተርኔት ተጠቃሚውን ደግሞ ከመቶ ሃያ በታች አድርገው አስቀምጠዋል። ከዚያ ጥቂት ውስጥም የቦታ ምልክቱን ከፍቶ የሚለጥፈው ጥቂቱ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ፍሊከር ኢትዮጵያዊው የሚውልበት መድረክ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ፎቶውን በቴሌግራም ለዘመዱ ይልካል፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ያወጣል፤ እነዚህ መድረኮች ፎቶው የተነሳበትን ትክክለኛ ነጥብ ለተመራማሪ አሳልፈው አይሰጡም። ስለዚህ በካርታው ላይ የሚሰፍረው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ፣ ጥሩ ካሜራ የያዘና ፎቶውን ለዓለም ማሳየት የሚወድ ሰው ነው። ይህ ሰው የጣና ጎብኚ መሆኑ እውነት ነው። የጣና ጎብኚ ሁሉ እሱ ነው ማለት ግን ሐሰት ነው።

የጣናን ዳርቻ በእግሩና በጀልባ የሚሞላው ማን ነው? የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት በዓል በዘጌ ወደሚገኘው ወደ ዑራ ገዳም የሚሻገረው ምእመን ነው። ለጥምቀት ታቦቱን አጅቦ ወደ ውኃው የሚወርደው ሕዝብ ነው። በግሽ አባይ ምንጭ ጸበል ለመጠመቅና በጀሪካን ቀድቶ ለመመለስ ከሩቅ ወረዳ ወደ ሰከላ የሚጓዘው ሕመምተኛና አስታማሚው ነው። ለስብሰባና ለሥልጠና ወደ ባሕር ዳር የሚመጣው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለሠርግ የሚመጣው ዘመድ፣ ለጫጉላ የሚመጡት ሙሽሮች፣ ልጁን በዩኒቨርሲቲ ሊጠይቅ የሚመጣው አባት ናቸው። እነዚህ ሁሉ አልጋ ይከራያሉ፣ ዓሣ ይበላሉ፣ ባጃጅና ጀልባ ይሳፈራሉ፣ የዘጌን ቡና ገዝተው ይመለሳሉ። ከተማዋን የሚያኖራት የእነሱ ገንዘብ ሆኖ ሳለ የነጥቡ ካርታ እንዳልመጡ ይቆጥራቸዋል።

ደጋፊዎቹ ለዚህ መልስ አላቸው። የሚለጥፈው ጥቂት ቢሆንም ድርሻው በየቦታው እኩል ከሆነ ካርታው የጎብኚውን ብዛት ባያሳይ እንኳ ቦታዎቹን ያበላልጣል ይላሉ። አንድ ሰው በአንድ ቦታ በአንድ ቀን የለጠፈውን ሁሉ እንደ አንድ በመቁጠርም ብዙ የሚለጥፈው ሰው ሚዛኑን እንዳያዛባ ያደርጋሉ። ይህ እርማት ብዙ የለጠፈውን ይገታል እንጂ ያልለጠፈውን አያመጣም። ድርሻው በየቦታው እኩል ነው የሚለውም በጣና ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ናቸው። ናርጋ ሥላሴና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለወንድም ለሴትም ክፍት ናቸው። በየቤተ ክርስቲያኑ መቅደስ ካሜራ አይገባም፤ በጸሎት ሰዓት ስልክ ማውጣትም ነውር ነው። አንድ ገዳም በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ቢታይ ሰው ስለማይሄድበት ነው ወይስ የሚሄደው ሰው ሥርዓቱን ስለሚያከብር? ነጥቡ ይህን አይመልስም። እንዲያውም ቦታው በተከበረ መጠን ምልክቱ ያንሳል፤ የምልክቱን ማነስ የጎብኚ ማነስ አድርጎ ማንበብ ደግሞ እውነቱን ከነሥሩ መገልበጥ ነው።

በ836 ቦታዎች ላይ የታየው ዝምድና ስለ ባሕር ዳር ምን ያስረዳል? ጥናቱ ዝምድናውን ሊያሳይ የቻለው በእነዚያ ቦታዎች ሁሉ አስቀድሞ በሌላ መንገድ የተገኘ የጎብኚ ቁጥር ስለነበረ ነው። የፎቶው ብዛት የተፈተነው በዚያ ቁጥር ነው። በብዙ ቦታዎች ላይ ሲታይ ጎብኚ በበዛበት ፎቶ ይበዛል ማለት፣ በአንድ በተወሰነ ደሴት ላይ ፎቶው የጎብኚውን ቁጥር ይናገራል ማለት አይደለም። ስለ አንዱ ቦታ እርግጠኛ ለመሆን የዚያው ቦታ ቆጠራ ያስፈልጋል። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ቆጠራ ያለው ሰው ነጥቡ አያስፈልገውም፤ ቆጠራ የሌለው ሰው ነጥቡን ሊያምነው አይችልም። ቆጠራ በሌለበት ነጥቡ ይተካዋል የሚለው የደጋፊዎቹ ዋና መከራከሪያ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ስሕተት ነጥቡንና ቦታውን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ምልክቱ የሚመዘግበው ካሜራው የቆመበትን እንጂ ዓይን ያረፈበትን አይደለም። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን የጢስ አባይ ፏፏቴ የሚያነሳ ሰው የሚቆመው ከፏፏቴው ትይዩ ነው፤ ወደዚያ የሚወስደውም በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን የዓላታ ድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ በገበሬ ማሳ መካከል የሚያልፍ መንገድ ነው። በጀልባ ላይ ሆኖ ገዳሙን ያነሳው ሰው ነጥቡ በሐይቁ መካከል ይወድቃል፤ ገዳሙን የረገጠና ከሩቅ አይቶት ያለፈም አይለዩም። በደሴቶቹ ላይ ኔትወርክ ደካማ ሲሆን ሰው ፎቶውን የሚለጥፈው አመሻሹን ሆቴሉ ተመልሶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከዝርዝር የሚመርጠው «ባሕር ዳር» የሚለውን ስም ነው። እንዲህ በከተማ ስም የተመዘገበ ፎቶ ሁሉ በካርታው ላይ በአንዲት የከተማዋ መካከለኛ ነጥብ ላይ ይከመራል። ካርታውን የሚያነበው ባለሙያም በዚያች ነጥብ ላይ ታላቅ መስሕብ ያለ ይመስለዋል።

የስሙ ነገርም ቀላል አይደለም። ግሽ አባይ በሰከላ ወረዳ የሚገኘው የአባይ ምንጭና በምንጩ አጠገብ ያለችው ከተማ ስም ነው። በባሕር ዳር ከተማ ውስጥም ግሽ አባይ ተብሎ የሚጠራ ሰፈር አለ። ጢስ አባይም ፏፏቴው፣ የገጠር ከተማይቱና የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው በአንድነት የሚጠሩበት ስም ነው። በስም ፍለጋ የሚሰበሰብ መረጃ ለጸበል ተራራ የወጣውን ምእመንና በከተማ ሰፈር ቡና የጠጣውን ወጣት በአንድ ረድፍ ያስቀምጣቸዋል። እነዚህን የሚለየው አገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ አገሩን የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ እሱን ራሱን መጠየቅ ይቀላል።

ሦስተኛው ስሕተት ማን እንግዳ፣ ማን ነዋሪ እንደሆነ በቀን ቆጠራ መለየት ነው። በፊሸር ካርታ በአንድ ከተማ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ፎቶ ሲያነሳ የታየ ሰው ነዋሪ ነው፤ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ያነሳና በሌላ ከተማ ነዋሪ መሆኑ የታወቀው ደግሞ እንግዳ ነው። ብዙ ጥናቶች ይህንኑ ወይም የሚመስለውን መለኪያ ይከተላሉ። ይህ መለኪያ በባሕር ዳር ላይ ምን ያደርጋል? ለገናና ለጥምቀት ከአሜሪካ መጥቶ ሁለት ወር ከዘመዶቹ ጋር የሚሰነብተው ኢትዮጵያዊ ነዋሪ ይባላል፤ በከተማው ከሚያድሩት እንግዶች ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ግን እሱ ሊሆን ይችላል። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወጣትና በየወሩ ለመታሰቢያ ቀን ወደ ገዳሙ የሚመላለሰው ምእመንም እንዲሁ ነዋሪ ይባላሉ። በአንጻሩ ግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ባለው አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ መኪናውን አቁሞ አንድ ፎቶ ያነሳ አላፊ መንገደኛ ሙሉ ጎብኚ ሆኖ ይቆጠራል። በካርታው ላይ እሱና በከተማዋ ሦስት ሌሊት ያደረው እንግዳ እኩል ናቸው።

አራተኛው ስሕተት ኢንተርኔቱ የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን መርሳት ነው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የአማራ ክልል ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። በእነዚህ ጊዜያት ካርታው ባዶ ይሆናል። ባዶነቱ ሰው ስላልመጣ ነው ወይስ የመጣው ሰው መለጠፍ ስላልቻለ? በ2016 ዓ.ም. የባሕር ዳር ቱሪዝም በጸጥታው ችግር ክፉኛ ተጎድቷል፤ ነገር ግን ምእመኑ ለክብረ በዓል መውጣቱን አላቋረጠም። የትኛው ጎብኚ ቀረ፣ የትኛው ቀጠለ የሚለው ለከተማዋ የሞት ሽረት ጥያቄ በነበረበት በዚያ ወቅት ነጥቡ ጸጥ አለ። መከራ በመጣ ጊዜ የሚጠፋ መረጃን መሠረት አድርጎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው።

መድረኮቹ ራሳቸውም አይጸኑም። ተመራማሪዎች የአውሮፓን ከተሞች ያጠኑበት ፓኖራሚዮ የተባለ የፎቶ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘጋ። ኢንስታግራም በዚያው ዓመት ለውጭ ሰዎች የሚሰጠውን መረጃ አጠበበ። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2019 ትክክለኛውን የቦታ ነጥብ የመለጠፊያ አማራጭ አነሳ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በነጻ የሚሰጠውን የመረጃ መቅጃ በር በክፍያ አደረገው። በካሊፎርኒያ በሚገኝ ቢሮ በተላለፈ ውሳኔ የመረጃው ጅረት ሲቋረጥ በባሕር ዳር አንድ ጎብኚ አልጨመረም፣ አንድም አልቀነሰም። የአምስት ዓመት ዕቅድ የሚያወጣ ከተማ በእንዲህ ያለ ምንጭ ላይ ሊቆም ይችላልን?

አምስተኛው ስሕተት ብዛትን ምክንያት አድርጎ መውሰድ ነው። ሁለተኛው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ከጀመረ በኋላ በፏፏቴው የሚወርደው ውኃ እጅግ ቀነሰ፤ ከክረምት ውጭ የሄደ ጎብኚ ብዙ ጊዜ ቀጭን ጅረት አይቶ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ ወርሮ ለጀልባና ለዓሣ አጥማጅ ፈተና ሆኗል። ነጥቦቹ በአንድ ዳርቻ ቢሳሱ ምክንያቱ ውኃው ይሁን እምቦጩ፣ መንገዱ ይሁን ጸጥታው፣ ዋጋው ይሁን የጀልባ እጦት ከነጥቡ ላይ አይነበብም። ጎብኚውን አቁሞ «ምን ሊያዩ መጡ? ምን አዩ? ደግመው ይመጣሉ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን በአንድ ቀን ይረዳዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው በነጥብ ካርታ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው ውሳኔ ነው። ነጥብ የበዛበት ዳርቻ መንገድ፣ መብራትና ጥበቃ ያገኛል፤ በዚያም የተነሣ ብዙ ፎቶ ይነሳበታል፤ በሚቀጥለው ካርታ ላይም የበለጠ ይደምቃል። ነጥብ የሌለበት ደግሞ ባለበት ይቀራል። በዘጌ በበዓል ቀን የሚሰለፈው ሕዝብ መጸዳጃና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ያስፈልገዋል። ወደ ደሴቶቹ የሚሻገረው ምእመን በመጠኑ የተጫነችና የነፍስ አድን ጃኬት ያላት ጀልባ ያስፈልገዋል። ወደ ግሽ አባይ የሚወጣው ሕመምተኛ ማረፊያና የጤና ጣቢያ ያስፈልገዋል። ደንገል ሰፍተው ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ቤተሰቦች ለሥራቸው ገበያ ያስፈልጋቸዋል፤ በካርታው ላይ ግን የሚታየው የታንኳዋን ፎቶ ያነሳው እንጂ ታንኳዋን የሠራው አይደለም። ምልክት ያልተወን ሰው ከዕቅድ ማስወጣት በቁጥር ስም የሚፈጸም አድልዎ ነው።

የሰውን ምስጢር የመጠበቅ ጉዳይም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ደጋፊዎቹ መረጃው ይፋ የተለጠፈ ስለሆነ መሰብሰቡ ማንንም አይጎዳም፣ ስሙንም እናስወግዳለን ይላሉ። ስም ማስወገድ ግን ሰውን አይሰውርም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የሞባይል መረጃ መርምሮ፣ ከመቶው ሰው ዘጠና አምስቱን ከሌሎቹ ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ብቻ እንደሚበቁ አሳይቷል። ለፈውስ ወደ ጸበል የሄደ ሰው ሕመሙን ለከተማ ፕላን ባለሙያ አልነገረም። ግጭት ባለበት ክልል ማን የት እንደዋለ የሚያሳይ ዝርዝርም በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣው የሰው መረጃ የባለቤቱ መብት ስለሆነ ነው። ለወዳጅ ይታይ ተብሎ የተለጠፈን ፎቶ ለሌላ ዓላማ መቅዳት ይህን መብት ይጋፋል።

የቀረው «ሌላ መረጃ የለም» የሚለው ነው። ይህም እውነት አይደለም። ወደ ደሴቶቹ የሚያስገባ የእግር መንገድ የለም፤ የሚሻገረው ሁሉ በጀልባ ነው፣ ጀልባውም ከታወቀ ወደብ ይነሣል። በየገዳሙ በር ለጎብኚ የመግቢያ ደረሰኝ ይቆረጣል። ሆቴሎችና አልጋ ቤቶች የእንግዳውን መታወቂያ አይተው በመዝገብ ያሰፍራሉ። አውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛውን፣ መናኸሪያው ተሳፋሪውን ያውቃል። መረጃው አለ፤ የጎደለው በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ ተበታትኖ የተቀመጠውን በየወሩ የሚደምረው አካል ነው። በዚህ ላይ በዋና ዋና ክብረ በዓላት ቀን በወደብና በበር ቆመው የሚቆጥሩና የሚጠይቁ ጥቂት የሠለጠኑ ወጣቶች ቢጨመሩ ከተማዋ የትኛውም የፎቶ ካርታ የማይሰጣትን እውቀት ታገኛለች። ሰፋ ያለ የእንቅስቃሴ መረጃ ካስፈለገም ኢስቶኒያ እንዳደረገችው የሞባይል አውታርን መረጃ በሕግ ተቆጣጥሮ፣ በድምር ብቻ መጠቀም ይቻላል። ተራ ስልክ የያዘውን ገበሬ ጭምር ስለሚያካትት ከፍሊከር ነጥብ እጅግ የተሻለ ነው።

የማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ ምንም ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ቆጠራው ከተያዘ በኋላ የውጭ ጎብኚን ዓይን የሳበው የትኛው ገጽታ እንደሆነ፣ ስለ ጉዞው ምን እንደጻፈ ለማየት ይረዳል። ድርሻው ግን የምስክር እንጂ የዳኛ አይደለም፤ ያውም ጥቂቱን ብቻ አይቶ የሚመሰክር ምስክር ነው።

ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ሲያስገባ ሐይቁንና በዙሪያው የሚኖረውን ሕዝብ አንድ ላይ አይቶ ነው። የሐይቁ ቱሪዝም ጥናትም ከሕዝቡ መጀመር አለበት። ባሕር ዳር ለነጥብ ካርታ አንድ ብር ከማውጣቷ በፊት በእያንዳንዱ የጀልባ ወደብ አንድ መዝገብና አንድ ታማኝ ቆጣሪ ታስቀምጥ። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቹን ወደ ዘጌ፣ ወደ ጢስ አባይና ወደ ግሽ አባይ ልኮ ጎብኚውን ፊት ለፊት ያስጠይቅ። ፎቶ ለጠፈም አልለጠፈም፣ ጣናን ሊያይና ሊሳለም የመጣ ሰው ሁሉ ጎብኚ ነው፤ እሱን ሳይቆጥር የሚወጣ ዕቅድ የባሕር ዳር ዕቅድ ተብሎ ሊጸድቅ አይገባውም።